ኃላፊነቱ ታች፣ አቅሙ ላይ፦ የጎፋው ናዳና የአካባቢ መንግሥት

ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. እሁድ ነበር። በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከባድ ዝናብ ወረደ። የተራራው አንድ ጎን ተገምሶ ወርዶ አራት አባወራዎች ላይ ተጫነ። ሰኞ፣ ሐምሌ 15፣ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። አካፋ ያላገኘው በእጁ ጭቃ ይዝቅ ጀመር። ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣ። በዚያ ቀን ካለቁት ውስጥ አብዛኞቹ ቤታቸው ሆነው ናዳ የደረሰባቸው አይደሉም። ሌላ ሰው ሊያወጡ የሄዱ ናቸው።

በማግስቱ የታወቀው የሟቾች ቁጥር 229 ነበር፤ 148 ወንዶችና 81 ሴቶች። በዚያው ሳምንት የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ቁጥሩን 257 አደረሰው። ወደ 500 ሊያሻቅብ ይችላል የሚል ስጋትም አብሮ ተነገረ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሐምሌ 20 ጀምሮ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ሐዘኑ ብዙ ተብሎለታል። እኔ እዚህ ላይ ማንሳት የፈለግሁት ከሐዘኑ ሥር ያለውን የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያልን በየቀኑ የምንጠራቸው እርከኖች እያንዳንዳቸው ሥራቸው ምንድነው? እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ማን ምን ማድረግ ነበረበት? ለማድረግስ ምን በእጁ ነበረው? ይህን ለመመርመር ከጎፋው የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ሁሉም እርከን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተፈትኖበታልና።

ቀበሌ ማለት እነማን ናቸው?

የወቅቱ የጎፋ ዞን ዋና አስተዳዳሪ ዳግማዊ አየለ አደጋው እንደደረሰ ለመገናኛ ብዙኃን የተናገሩት አንድ ነገር አለ። ሕይወት ለማትረፍ ሮጠው ከሄዱትና ካለቁት መካከል የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙበታል አሉ። ዜናው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነካ አድርጎ አለፈ። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የቆምኩት እዚህ ላይ ነው።

የገጠር ቀበሌ አስተዳደርን የሚያውቅ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያይ ወዲያው ይገባዋል። ይህ የቀበሌ ካቢኔ ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል። ሊቀመንበሩ ራሱ አርሶ አደር ነው፤ የሚበላው ከማሳው ነው። ሥራ አስኪያጅ አለ፤ እሱ ደመወዝተኛ ነው። ማህተሙም ደብዳቤውም ያለው እሱ ዘንድ ነው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አለ። የግብርና ልማት ሠራተኞች አሉ፤ በመደቡ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ተብሎ የተመደቡ ናቸው። የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮች ይጨመራሉ። ቢሮው አንድ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የዕቅድ ሰንጠረዥ ነው። በቃ፣ መንግሥት ማለት ይኸው ነው።

ማዳበሪያ ስንት ኩንታል ይፈለጋል የሚለው ከዚህ ነው የሚነሳው። ማን ሴፍቲኔት ይግባ የሚለው እዚህ ይወሰናል። ልጅ ተወለደ፣ ሰው ሞተ፣ ድንበር ተገፋ፣ ሁሉም እዚህ ይመጣል። ሚኒስትሩ የሚያነበው ሪፖርት መነሻው የዚህች ቢሮ ደብተር ነው።

ስለዚህ ሐምሌ 15 ቀን ናዳው ሰዎችን ብቻ አልነበረም የወሰደው። በዚያ ቦታ ላይ መንግሥት የሚባለውን ነገርም ጭምር መታው። የሟች ስም የሚመዘግበው፣ ማን የማን ቤተሰብ እንደሆነ የሚያውቀው፣ ለወረዳው የሚደውለው፣ ለተረፉት ብርድ ልብስ ሲመጣ ወረፋ የሚያስይዘው ሰው ራሱ ከተጎጂዎቹ አንዱ ነበር። ማን እንደጠፋ መቁጠር ለምን እንዲያ ከበደ ብሎ ለሚገረም ሰው አንዱ መልስ ይህ ይመስለኛል።

ደግሞም እነዚህ ሰዎች ከሥራ ዝርዝራቸው የወጣ ነገር አላደረጉም። መምህርም ይሁን የጤና ሠራተኛ፣ ቀበሌ ውስጥ ችግር ሲነሳ ተጠሪ ነው። «የኔ ሥራ ትምህርት ነው» ብሎ የሚቀመጥበት አገር አይደለም።

አንድ ዓመት ያልሞላው ክልል

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ያን ጊዜ አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞው የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በየተራ ተከፋፈለ። በኅዳር 10 ቀን 2012 ሲዳማ ድምፅ ሰጥቶ ወጣ። በመስከረም 20 ቀን 2014 ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ሕዝቦች። ጥር 29 ቀን 2015 ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ አደረጉ፤ ወላይታ ላይ በተፈጠረው የአሠራር ጉድለት ምክንያት እዚያ ሰኔ 12 ተደገመ። በነሐሴ 2015 ክልሉ ተመሠረተ፤ ጥላሁን ከበደ ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ። ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ስትሆን ሌሎች ቢሮዎች እንደ አርባ ምንጭ፣ ዲላና ጂንካ ባሉ ከተሞች ተደለደሉ። የተረፈው የቀድሞው ክልል ክፍል ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ።

ክልል መሆን በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን መጀመሪያ የሚመጣው ክፍፍል ነው። መኪናው ለማን? ዕዳው ለማን? ሐዋሳ ቤት የሠራው የቢሮ ባለሙያ ወዴት ይሂድ? ቢሮዎች በየከተማው ሲደለደሉ ለፍትሐዊነት መልካም ነው፤ ማንም «ሁሉ ነገር እዚያ ተከማቸ» አይልም። ግን ግብርና አንድ ከተማ፣ ሌላው ቢሮ ሌላ ከተማ ሲሆን አንድን ውሳኔ ለማስወሰን ስልክና መንገድ ይበዛል። በዚያ ሰሞን በክልሉ አንዳንድ ዞኖች የመምህራን ደመወዝ መዘግየት የዜና ርዕስ ነበር። ደመወዝ በወቅቱ ለመክፈል የሚቸገር አስተዳደር የተራራ ጥናት ያስጠና ነበር ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ሰበብ እየፈለግሁለት አይደለም። የነበረበት ሁኔታ ይህ ነበር ለማለት ነው።

ዞኑም ቢሆን የቆየ አይደለም። ጎፋ ለብቻው ዞን የሆነው የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን ከተከፈለ ወዲህ ነው፤ መቀመጫው ሳውላ። ደቡብ ላይ ዞን የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት አለው፤ በአማራና በኦሮሚያ ካለው አብዛኛው ዞን በዚህ ይለያል። እዚያ ዞን የክልሉ ቅርንጫፍ ነው ማለት ይቀላል። እዚህ ግን የብሔረሰብ አስተዳደር ስለሆነ ክብደት አለው። ስለዚህ በኬንቾ ሻቻና በአዲስ አበባ መካከል ያሉት እርከኖች እያንዳንዳቸው ምክር ቤት፣ ካቢኔና ዕቅድ ያላቸው ናቸው። ከዋና ከተማዋ ርቀቱ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአስተዳደር እርከን ሲለካ ግን ከዚያ ይርቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕጉ አላንቀላፋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፣ ሲደርስም ለተጎጂው እርዳታ በወቅቱ እንዲደርስ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። የመከላከሉ ነገር መጀመሪያ መቀመጡን ልብ በሉ። አንቀጽ 52 ለክልሎች ከሰጣቸው ሥልጣኖች አንዱ የፌዴራል ሕግን ተከትሎ መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን ማስተዳደር ነው። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። አንቀጽ 93 የተፈጥሮ አደጋ ሲያጋጥም ክልሎች በግዛታቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲያውጁ ይፈቅዳል።

ከሁሉም በላይ ለዚህ ጉዳይ ቅርብ የሆነው ግን በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 456 ነው። ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም፤ ዛፍ፣ ቋሚ ተክልና የመኖ ሣር ይልማበት ብሎ ደነገገ። ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው እርከን ተሠርቶበት ብቻ ነው። 60 በመቶ ማለት አግድም 100 ሜትር ስትሄድ ወደ ላይ 60 ሜትር የሚወጣ ዳገት ነው። ዝርዝሩን በሕግ ማውጣትና ማስፈጸም የክልሎች ሥራ እንዲሆን ተደረገ። አዋጁ ቆይቶ በሌላ ቢተካም ለሃያ ዓመት ገደማ መመሪያ ሆኖ የኖረው ይህ ነበር።

እስቲ አሁን ይህን ሕግ ማን ያስፈጽማል? የልማት ሠራተኛው። በምን? በሁለት እንጨት፣ በአሥር ሜትር ሲባጎና ሲባጎው መሃል ላይ በምትንጠለጠል አንዲት ውኃ ልክ። በየዓመቱ በበጋ የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር ያየ ሰው ይህችን መሣሪያ ያውቃታል። ሁለት ሰው እንጨቱን ይይዛል፣ ሦስተኛው አረፋዋ መሃል መቆሟን ያያል፣ አራተኛው በዶማ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ሕዝቡ ተሰልፎ ይቆፍራል። በነፃ ጉልበት በዚህ መንገድ የተሠራው እርከን ብዛቱ የሚያስገርም ነው። ማንም ሊያጣጥለው አይገባም።

ግን ያች መሣሪያ የላዩን ዳገት ነው የምትለካው። ከሥሩ ያለውን አትነግርም። የደቡቡ ደጋ አፈር በብዙ ቦታ ጥልቅ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ተሰባብሮ የተፈጠረ፣ ውኃ ሲጠጣ የሚከብድ። ቀን ከሌት ሲዘንብ ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርግና ጠንካራው ዐለት ላይ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል። በአፈሩና በዐለቱ መካከል ይተኛል። ያኔ ከላይ ያለው ሁሉ መንሸራተቻ አገኘ ማለት ነው። የዛፍ ሥር በሌለበት ደግሞ የሚይዘው ነገር የለም።

እዚህ ላይ በግብርና ቢሮዎቻችን ብዙም ሲነሳ የማልሰማው ነገር አለ። ውኃን የሚያቁር እርከንና ጉድጓድ ለአፈር መከላት ጥሩ መድኃኒት ነው። ለመንሸራተት የተዘጋጀ ተራራ ላይ ግን የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ ውኃው እንዳይገባ፣ የገባውም ቶሎ እንዲወጣ ማድረግ። ሁለቱን ዳገቶች ለይቶ የሚያውቅ የሥነ ምድር ባለሙያ ነው። እሱ ደግሞ ያለው ኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ወይም ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት አይደለም።

የችግሩ ልብ ያለው እዚህ ነው። እውቀቱ ፌዴራል ላይ ነው። የመሬቱ ሥልጣን ክልል ላይ ነው። ሥራው ወረዳ ላይ ነው። ሰዉ ቀበሌ ላይ ነው። አራቱን የሚያገናኝ ገመድ ቀጭን ነው።

ለፍትሕ ያህል ይህንንም መናገር አለብኝ። የክልሉ መንግሥት ቃል አቀባይ በወቅቱ እንደገለጹት ቦታው ለአደጋ የተጋለጠ ዳገት መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ችግኝ ተከላን የጨመረ የጥበቃ ሥራም ተጀምሮ ነበር። እንግዲህ ስጋቱ አልታወቀም ማለት አይቻልም። የተወሰደው እርምጃ ግን ችግኝ ነበር። ችግኝ አፈር ለመያዝ ዓመታት ይፈልጋል። ዝናቡ አልጠበቀም።

ገንዘቡ

በ1994 ዓ.ም. ገደማ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ወረዳዎች በጀታቸውን በጥቅል እንዲቀበሉ ተደረገ። ከዚያ በፊት ሁሉ ነገር ከክልልና ከዞን በደብዳቤ የሚወርድ ነበር። አካሄዱ ትልቅ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ በየቀበሌው የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ግን የማንኛውንም ገጠር ወረዳ በጀት ገልጣችሁ ብታዩ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ለመምህሩ፣ ለልማት ሠራተኛው፣ ለጤና ባለሙያው ተከፍሎ ሲያልቅ የሚተርፈው ለነዳጅ፣ ለውሎ አበልና ለወረቀት እንኳ ያንሳል።

ያ ቀን ደግሞ ሐምሌ 15 ነው። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። አሮጌው በጀት ተዘግቷል፣ አዲሱ ከገባ ሁለት ሳምንቱ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህ ወቅት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ክረምቱ የሚከብደው፣ ናዳና ጎርፍ የሚበዛው ግን ልክ በዚህ ጊዜ ነው። የአደጋ መጠባበቂያ ገንዘብ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ተዘግቶ ሐምሌ ላይ እንደገና የሚጠበቅ ከሆነ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ተጣልተናል ማለት ነው።

ሁለተኛው ናዳ

የመጀመሪያውን ናዳ ማስቆም የሚችል ቀበሌ የለም። ሁለተኛው ላይ ግን ማሰብ ይገባል፤ ብዙውን ሰው የወሰደው እሱ ነውና።

ነፍስ አድን ሥራን የሚያውቁ ሰዎች አንድ መሠረታዊ ሥርዓት አላቸው። ተራራ አንዴ ከተናደ የላይኛው ጠርዝ ገና አልረጋም። ከሥሩ ያለው ድጋፍ ስለሄደ ቀሪው ለመውረድ ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ከታች ሰው ሲቆፍር ከማዶ፣ ጠርዙን አሻግሮ የሚያይ አንድ ሰው ይቆማል። ስንጥቅ ሲሰፋ፣ ድንጋይ ሲንከባለል፣ ዛፍ ሲያዘነብል ያስጠነቅቃል። የሚቆፍረውም ብዛቱ የተወሰነ ነው፤ በፈረቃ ይገባል። መውጫው አቅጣጫም ቀድሞ ይታወቃል፤ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን። ለዚህ ኤክስካቫተር አያስፈልግም። ጡሩምባና አስቀድሞ የተሰጠ ሥልጠና ይበቃል።

ይህን ስጽፍ የሞቱትን ለመውቀስ አይደለም። የጎረቤቱ ልጅ ጭቃ ሥር እያለ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የለም። እኔም አልጠብቅም። ለዚህም ነው ሥርዓቱ አስቀድሞ መቀመጥ ያለበት፤ በዚያች ሰዓት ማንም አስቦ ሊፈጥረው አይችልም። ቀበሌ ደግሞ ሥርዓት ለማስቀመጥ ከማንም የተሻለ ነው። ስብሰባ መጥራት ያውቅበታል። ሚሊሻ አለው፣ ዕድር አለው፣ በየመንደሩ ተጠሪ አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ትገባለች። ስለ ወባና ስለ መጸዳጃ ቤት ትጠይቃለች። «ከቤታችሁ በላይ ያለው መሬት ተሰንጥቋል ወይ? የምንጩ ውኃ ደፍርሷል ወይ? ያልነበረ ምንጭ ፈለቀ ወይ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ቢጨመሩላት ሥራዋን የሚያከብድ አይመስለኝም። ጥያቄው መልሱን ይዛ ለማን ትደውላለች የሚለው ነው። የተደወለለትስ ሰው ምን የማድረግ ሥልጣን አለው?

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 29፣ በዚያው ክልል ወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌላ ናዳ ከ10 በላይ ሰዎችን ገደለ። በነሐሴ ደግሞ ሰሜን ጎንደር ጠለምት ላይ ተራራ ተንሸራቶ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ተፈናቀሉ። ወላይታ ላይ ከስምንት ዓመት በፊት፣ በግንቦት 2008፣ ጎርፍና ናዳ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎችን ወስዷል። እንግዲህ የጎፋው ነገር ከሰማይ የወረደ ዱብ ዕዳ አይደለም ማለት ነው። የሚደጋገም ነገር ነው፤ የሚደጋገም ነገር ደግሞ የዕቅድ ሰንጠረዡ ላይ መሥመር ሊኖረው ይገባል።

ከሁሉ የከበደው፦ ማስፈር

ከናዳው በኋላ እርዳታው ደረሰ። የፌዴራሉ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ ቀይ መስቀል፣ ሌሎች ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች፣ የውጭ ድርጅቶች ሁሉ ተረባረቡ። ይህ ክፍል በአንፃራዊነት ይቀላል። ካሜራ አለ፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ ባለሥልጣን ይመጣል።

ከባዱ ከዚያ ይጀምራል። በተመድ ቢሮው ግምት በአካባቢው 15,515 ሰዎች ለአደጋ ተጋልጠው ስለነበር መነሳት ነበረባቸው። መንግሥትም ከ6,000 በላይ ሰዎችን የማስፈር ዕቅድ እንዳለው አስታወቀ። ቁጥሩን ማወጅ አንድ ነገር ነው። ማስፈር ግን የአካባቢ መንግሥት ሥራዎችን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ነገር ነው።

መሬት ከየት ይመጣል? ደቡብ ላይ ባዶ መሬት የሚባል ነገር ብዙ የለም። ባዶ የሚመስለው የአንድ ሰው ግጦሽ ነው፣ የሌላው የመቃብር ቦታ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርሶ አደር ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል፤ ይህ ለሚነሳውም ለሚቀበለውም እኩል ይሠራል። ቆላ ይውረዱ ከተባለ ወባ አለ፤ ለከብቱ ደግሞ ገንዲ አለ። የደጋ ሰው እንሰቱን ትቶ በቆሎ ልዝራ ቢል ተክሉ ብቻ ሳይሆን የሚበላው ነገር ሁሉ ይቀየራል። እንሰት ከተተከለ በኋላ ዓመታት ይፈልጋል፤ እስኪደርስ ሰዉ ምን ይብላ?

ከዚያ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው ይመጣል። ባል የሞተባት ሴት በማን ስም? ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን መሬት ማን ይይዝላቸው? አጎት? ቀበሌ? ይህ የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤትና የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ ዜና አይሠራበትም፣ ግን ቤተሰብ የሚድነው ወይም የሚፈርሰው እዚያ ነው። አዲሱ መንደር ትምህርት ቤት ይፈልጋል፣ ጤና ኬላ ይፈልጋል፣ ውኃ ይፈልጋል። ቤቱን ለጋሽ ሊሠራው ይችላል። የመምህሩን ደመወዝ ግን ለጋሽ አይከፍልም፤ ወረዳው ነው የሚከፍለው፣ ያው ደመወዝ ከፍሎ የማይተርፈው ወረዳ።

ሌላም አለ። በዩጋንዳ ኤልጎን ተራራ ላይ ቡዱዳ የሚባል አውራጃ አለ። በ2002 ዓ.ም. የካቲት ላይ ናዳ መንደር ቀብሮ በመቶዎች የሚገመቱ ሰዎች ሞቱ። መንግሥት የተረፉትን ወደ ሩቅ ኪርያንዶንጎ አሰፈራቸው። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የተወሰኑት ተመለሱ። አፈሩ ለም ነው፣ አየሩ የለመዱት ነው፣ ሙታናቸው እዚያ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቡዱዳ እንደገና ተናደና ከ40 በላይ ሰው ሞተ።

ጎፋም ላይ ያው ፈተና ይመጣል ብዬ እገምታለሁ። የተነሳው ሰው ሌሊቱን አዲሱ መንደር ያድራል፤ ጠዋት አሮጌው ማሳ ይሄዳል። አዝመራ ሲደርስ እዚያው ጎጆ ቀልሶ ያድራል፤ ዝንጀሮ እንዳይበላበት ይጠብቃል። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲበረታ «ውጡ» የሚለው ማነው? ርዕሰ መስተዳድሩ አይደለም፣ ኮሚሽኑም አይደለም። ሥራው የሚደርሰው አዲስ ለተመረጠው የቀበሌ ሊቀመንበር ነው። እሱም ራሱ እዚያው ዳገት ላይ ማሳ ሊኖረው ይችላል። «ውጡ» ሲል ደግሞ በእጁ ምትክ መሬት፣ የዝናብ መለኪያና ለሁለት ሳምንት የሚበቃ እህል ከሌለው፣ ከአፉ የሚወጣው ቃል ብቻ ነው የሚቀረው።